ኮማንደር ውኃ እንዳትነካ

የፖሊስ ቅጥር ማስታወቂያው አሥራ አንድ መስፈርት ነበረው፤ ኮማንደር አሥሩን አሟልታለች።

ኮማንደር ማዕረጓ አይደለም፤ ሥራዋ ልብስ አጠባ ነው። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ላላት ሁሉ «ፖሊስ» ስትል ኖራ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷትም መልሷን ስላልቀየረች፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሹመቱን ከመንግሥት ቀድሞ ሰጣት። ዱቄት ልትገዛ ስትወጣ ባለሱቁ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ይሰጣታል። እሷም አትቆጣም፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትመልስና ሁለት ኪሎ ትላለች።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አሥራ ሁለት አንሶላ ነው። አባቷ በሞተ በዓመቱ፣ እናቷ ልብስ አጠባ በጀመረች በሦስተኛው ወር፣ ልታጥብ የተቀበለችው የአንድ እንግዳ ማረፊያ አሥራ ሁለት አንሶላ ከግቢያቸው ከነገመዱ ተሰረቀ። ሌባው መቆንጠጫውን እንኳ አልተወም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በመጻፍ ይተዳደሩ የነበሩት፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አጎቷ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ በታይፕ መትተው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት፤ ሁለቱም ላይ ማኅተም ተመታ። አንድ ፖሊስ ግቢ ድረስ መጣና በርጩማ ላይ ተቀምጦ እናቷን «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እናቴ» አላት። እሷ ስትናገር እሱ ከሁለቱም ቅጂ ግርጌ ይጽፋል። ሲጨርስ የጻፈውን አነበበላትና «እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብሎ ጠየቃት። እናቷም «አዎ፣ እንደሱ ነው» ብላ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ በሁለቱም ቅጂ ላይ አተመች።

ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ግን በሌባው ብዙም አልተጨነቀችም። እናቷ የተናገረችውን ሰው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ፣ ጽፎም መልሶ ሲያነብላት ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ካለ እኔ ልሥራው አለች፤ አለቀ።

መንግሥት ግን እንደ ሰፈሩ አልቸኮለም። መጀመሪያ ስትመዘገብ ሚዛኑ አርባ ስምንት ኪሎ አላት፤ መስፈርቱ ሃምሳ ነው። እናቷ ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰንጋ ቀለበቻት። በሁለተኛው ዓመት ሃምሳ አራት ሆና ሄደች፤ የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ተሰልፋ ሳለ ምዝገባው ተዘጋ። ይሄ ሦስተኛው ነው። የዕድሜው ጣሪያ ሃያ ስምንት ነው፤ እሷ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ሃያ ዘጠኝ ይሞላታል። አራተኛ የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ዓመት ቁመቱም፣ ኪሎውም፣ ሩጫውም፣ ሐኪሙም፣ ጥርሷን የቆጠረው ሰውዬም «አልፈሻል» ብለዋታል። የቀረው አሥራ አንደኛው ብቻ ነበር፤ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ። ይሄኛው ማንንም አላሳሰበም። በሕይወቷ ያጠፋችው ነገር ቢኖር አንድ የትራስ ልብስ በካውያ ማቃጠሏ ነው፤ እሱም ቢሆን የካውያው ጥፋት ነበር።

ምዝገባው ሊዘጋ ሃያ አንድ ቀን ሲቀረው አሻራ ልትሰጥ ሄደች። አጎቷ አብረው ሄዱ፤ ወረቀት ያለበት ቦታ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ሥራቸውን ካቆሙ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም እስክሪብቶው ከደረት ኪሳቸው አልወረደም።

የአሻራ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ሳጅን የሚበቃው ነው። መሣሪያው መስታወት ያለው ትንሽ ሣጥን ነው፤ አረንጓዴ ከበራ አሻራው ተይዟል፤ ቀይ ከበራ እንደገና። ቀይ በራ። ሳጅኑ መስታወቱን ወለወለ። ቀይ። ጣቷን ወለወለላት። ቀይ። አሥሩንም ሞከረ፤ አሥር ቀይ። ከመሳቢያው የጥንቱን ቀለምና ካርድ አወጣና ጣቶቿን አንድ በአንድ አንከባሎ አተመ። ካርዱ ላይ አሥር ጥቁር ድፍን ነጥብ ወጣ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት።

«ልብስ አጠባ።»

«በማሽን?»

«በእጅ።»

«በረኪና ትነኪያለሽ?»

«እኖርበታለሁ።»

ሳጅኑ መነጽሩን አድርጎ ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ገልበጥ አደረገው። መስመር የሚባል ነገር የለም፤ አልቆ እንደ ቀረ የሳሙና ቁራጭ ልሙጥ ነው።

«እንግዲህ ወንጀለኛ ነሽ ማለት አልችልም» አለ። «ነጻ ነሽ ማለትም አልችልም። ማን እንደሆንሽ አይታወቅማ።»

«እንዴት አይታወቅም?» አሉ አጎቷ ከበሩ ላይ ተቆጥተው። «ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል! ኮማንደር ናት!»

ሳጅኑ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሰላምታ ሊሰጥ ትንሽ ነበር የቀረው። ነገሩ ሲብራራለት መልሶ ተቀመጠና ፊቱን አኮሳተረ።

ኮማንደር ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአሻራ ቅጽ በዓይኗ ስታነብ ቆይታ «እዚህ ጋ 'ጣት የለም' የሚል ሣጥን አለ» አለችው። «እሱ ላይ ምልክት አያደርጉልኝም?»

«አሥር ጣት ይዘሽ መጥተሽ?»

«የማይሠራ ጣት ነው ብለው ነዋ።»

«ቅጹ ይሥራ አይሥራ አይልም። አለ ወይስ የለም ነው የሚለው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። «ቆዳ ይመለሳል፣ እህቴ። ግንበኞችም እንዲህ ይሆናሉ። ሦስት ሳምንት ውኃና ሳሙና አትንኪ፤ ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀቢ። ቅጹን ሞልተሽ በመጨረሻው ቀን ነይ።»

አጎቷ ቅጹን እንደ ንብረታቸው ተቀብለው አጣጠፉት።

ግቢያቸው ሁለት ክፍል ቤት፣ አምስት ገመድና ስድስት ሳፋ ነው። እናቷ ክርኗ ድረስ አረፋ ውስጥ ሆና ታሪኩን ሰማች። እንደ ጨረሱ እጇን አራገፈች፣ ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ፍርዱን ሰጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ውኃ እንዳትነኪ።»

«እማ፣ የማረፊያው አንሶላ ብቻ በሳምንት ስልሳ ነው። ብቻሽን እንዴት አድርገሽ?»

«ወገቤን ጠየቅሽኝ? ጣትሽን ነው ያልኩሽ።»

በዚያው ኮማንደር አራስ ሆነች። ፊቷን የምታጥባት እናቷ ናት። ሰሃን አታነሳም፣ ሽንኩርት አትልጥም፣ መቆንጠጫ እንኳ እርጥብ ነው ተብሎ ተከለከለች። የቆዩ የሹራብ ጓንቶች ተገኝተው በዚያ ሙቀት አጥልቃ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ከነጋ የምትሠራው አንድ ሥራ ሩጫ ነው፤ በእግር ስለሆነ ተፈቀደ። ባለሱቁ ሰላምታውን አሻሽሎ «ኮማንደር፣ በቀለ?» ማለት ጀመረ። «ገና ነው» ትለዋለች።

አጎቷ በበኩላቸው ጉዳዩን በመዝገብ ያዙት። በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ጓንቷን አስወልቀው፣ ታይፕ የሚያርሙበትን አጉሊ መነጽር ደቅነው አሥሩንም ጣት ይመረምራሉ፤ ውጤቱንም ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። «አራተኛ ቀን፤ ለውጥ የለም። ሰባተኛ ቀን፤ በግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ መስመር መሰል ነገር ታይቷል፤ በቀጠሮ ይጣራል።» ከእያንዳንዱ ገጽ ደግሞ ቅጂ ያስቀምጣሉ። አጎቷ በሕይወታቸው የጻፉት ወረቀት ቅጂው በሙሉ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አለ። የሣጥኑ ነገር የቤቱ የዘወትር ጭቅጭቅ ነው። ወረቀት ስለማይታጠብና ስለማይበላ እናቷ ሣጥኑን የምታውቀው እግሯን ሲመታት ብቻ ነው።

ቅጹንም የሞሉት እሳቸው ናቸው፤ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ ያለ አንድ ስርዝ። አርባ ዓመት ሲጽፉ የኖሩት በአንድ ገጽ ነው። «ዳኛ ወረቀት አይገለብጥም» ይሉ ነበር፤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ የቅጹን ጀርባ አላዩም። ሌላ ሰው ቢሞላው ኖሮ ምናልባት ያየው ነበር፤ ግን አጎት እያሉ ሌላ ሰው ቅጽ መሙላት በዚያ ቤት ነውር ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ መጣ። ሃያ አንሶላ ገመድ ላይ ነው። እናቷ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ በሌላው እየጎተተች ትሰበስባለች፤ አንዱን ስታነሳ አንዱ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ኮማንደር ደጃፉ ላይ ጓንቷን አጥልቃ ታያለች። እንደማያስችላት ስታውቅ ጓንቱን ወርውራ ሮጠች። የአንሶላውን ጫፍ ገና ከመያዟ እናቷ በእርጥቡ ጨርቅ ክንዷን ጠፍ አደረገቻት።

«ጣትሽን!»

«እማ፣ ወገብሽ እኮ...»

«ወገቤን ማንም አሻራ አይጠይቀኝም! ግቢ!»

ገባች። መስኮቱ ላይ ቆማ እናቷ ጭቃ የነካውን አንሶላ እንደገና ሳፋ ውስጥ ስትዘፈዝፈው አየች። አፈረች። ሃምሳ አራት ኪሎ፣ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት፣ ጤናማ፣ ሯጭ፣ ቁጭ ብላ ጣት የምታበቅል። እንዲያም ሆኖ ጓንቷን ፈልጋ መልሳ አጠለቀች። ይሄ ሁሉ ታጥቦ ጣቷ ባይበቅል ከዚያ የባሰ ግፍ የለም።

በመጨረሻው ቀን እናቷ የግቢውን በር ቆልፋ አብራ ሄደች። በሥራ ቀን ያ በር ሲቆለፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ልብስ ሊያደርስ የመጣ ደንበኛ የተቆለፈውን በር አይቶ ሰው ሞተ ብሎ ጎረቤት ጠየቀ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተራቸው ደረሰ። ኮማንደር የቀኝ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። መብራቱ ሊያስብበት ፈለገ፤ ከዚያ አረንጓዴ በራ። አጎቷ «አንድ» አሉ። ሌባ ጣት፤ «ሁለት»። ስድስተኛው ላይ ቀይ በራ፤ ሳጅኑ እንደገና አስሞከራት፤ አረንጓዴ። «አሥር» ሲባል እናቷ እልል ልትል አፏን ከፍታ ግድግዳው ላይ «ጸጥታ» የሚለውን ባታነበውም የሳጅኑን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው።

«ተይዘዋል» አለ ሳጅኑ። «ከአሁን በኋላ ቢጠፉብሽም እኛ ጋ አሉ።» ቅጹን ተቀበለ፣ ጽሕፈቱን አደነቀና ገለበጠው። «ጀርባው አልተሞላም።»

አጎቷ «የቱ ጀርባ?» አሉ።

ጀርባው ላይ ስለ ዋስ ተጽፏል። ዋሱ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት፤ የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሻራም ይሰጣል። አጎቷ ፊታቸው አመድ መሰለ። አርባ ዓመት የሠሩት በአንድ ዱካና በአንድ ታይፕ ነው፤ ፈቃድ የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም። በቤቱ ፈቃድ ያላት አንዲት ሰው ናት።

እናቷ «እኔ አለሁ» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አኖረች።

ቀይ።

ሳጅኑ ሌላውን ጣት ሞከረ፣ ከዚያ ቀለሙን አወጣ። ካርዱ ላይ የወጣው ድፍን ጥቁር ነው፤ የልጇ ያኔ ከነበረውም የባሰ፣ ዳር እንኳ የለውም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የሁለት ሰው አንሶላ ያጠበች ሴት ጣት ነው።

እናቷ ጥቁሩን ነጥብ ስታየው ቆየችና «ሦስት ሳምንት አርፌ ልምጣ?» አለች። ምዝገባው የሚዘጋው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

ኮማንደር «እማ፣ ተይው» አለች። «በቃ፣ ይቅርብኝ።» ካለፉት ዓመታት ሁሉ አብልጣ ያንን ቀን ጠላችው፤ ለራሷ ሳይሆን እናቷ ጥፋተኛ መስላ ስለቆመች።

ሳጅኑ የመመሪያውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደ። ቀስ ብሎ ገለጠ፤ መግለጥ ሥራው ነው። «የዋሱ አሻራ ካልተነበበ» እያለ በጣቱ ተከተለ፣ «ከዚህ በፊት ለፖሊስ የሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት አሻራ ካለ ይያያዛል። እናቴ፣ ከዚህ በፊት ለፖሊስ ጣት ሰጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ ምን አድርጌ?» አለች እናቷ ደንግጣ። ከዚያ አሰበች። «አንሶላው የተሰረቀ ጊዜ አንዴ።»

«ያ መዝገብ ቤት ይኖራል። ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ላይ ነው፤ ቁልፉም አብሮት።»

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ሰደው በክር የታሰረ ቁልፍ መዘዙ። «ቅጂው» አሉ፣ «እኔ ጋ አለ።»

ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ወረቀቱ የት እንዳለ የሚያውቁት አጎቷ ብቻ ናቸው፤ መሮጥ የምትችለው ኮማንደር ብቻ ናት። ስለዚህ ሣጥኑ ራሱ መምጣት ነበረበት። ኮማንደር በእነዚያ ሳምንታት የሮጠችው ሁሉ ለዚህ ይመስል በረረች። ስትመለስ የቆርቆሮው ሣጥን ትከሻዋ ላይ ነው፤ መንገደኛው ሌባ መስላው ዞር እያለ ያያታል፣ ባለሱቁ ሰላምታውን ረስቶ አፉን ከፍቷል። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሣጥኑን የአሻራው ክፍል ወለል ላይ አኖረችው። አጎቷ ተንበርክከው ከፈቱ። አልፈለጉም፤ እጃቸውን ሰደዱና ከሦስተኛው እሽግ ውስጥ የቢጫ ቅጠል ቀለም የያዘ አንድ ወረቀት አወጡ። እናቷ ሣጥኑን ያን ጊዜ ልክ እንደ ሰው አየችው።

ወረቀቱ ላይ የጣቢያው ክብ ማኅተም አለ። ከሥሩ ያኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጻፈው ፖሊስ የእጅ ጽሑፍ። ከእሱም ሥር አንድ አውራ ጣት፤ መስመሩ ሁሉ ጥርት ያለ፣ ክቡ ከመሐል ተነስቶ እስከ ዳር ሲሰፋ አንድ በአንድ የሚቆጠር።

ሳጅኑ ከማያያዙ በፊት ደንቡ ነው ብሎ መነጽሩን አስተካከለና ጽሑፉን አነበበላት። «'አንሶላው የሰው ነው። ማን እንደወሰደው አላየሁም። እኔ ያለኝ እጄ ብቻ ነው፤ ሠርቼ እተካዋለሁ።'» ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ ነው ያሉት፣ እናቴ?»

እናቷ «አዎ፣ እንደሱ ነው» አለች።

ሳጅኑ አሮጌውን ወረቀት ከአዲሱ ካርድ ጎን አስቀመጠው። እናቷ ጎንበስ ብላ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። «ይሄ ሁሉ መስመር የኔ ነበር?»

«የእርስዎ ነው።»

«ምን ያለው ጣት ነበረኝ እናንተ!» አለች፤ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ያየች ይመስል ተገርማ።

ኮማንደር ወደ መስኮቱ ዞረች። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙትን ሰዎች ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው፤ ዓይኗ እስኪደርቅ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሳጅኑ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታ። በሚቀጥለው መስኮት አሥራ አንዱንም ወረቀት ተቀብለው የመመዝገቢያ ቁጥር ሰጧት። አጎቷ ቁጥሩን ገልብጠው ጻፉ፤ ከዚያም ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነበር። ሁለት ጊዜ አዩት።

ሣጥኑን ተጋግዘው ቤት ሲደርሱ ጠዋት የተዘፈዘፈው አንሶላ ሳፋው ውስጥ ይጠብቃል። እናቷ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። ኮማንደር ቀድማት በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ጓንቷን አወለቀች።

«ጣትሽን...» አለች እናቷ።

«እነሱ ጋ አለ፣ እማ። ሳጅኑ ነግሮሻል።»

እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። እናቷ አጠገቧ ቆማ ልትከለክል አሰበች፤ የምትከለክልበት ምክንያት አጣች። አጎቷ የቆርቆሮውን ሣጥን ከእናቷ ኋላ አስጠጉና እናቷ ተቀመጠችበት። ለረጅም ጊዜ እጇን አንዴ ቀሚሷ ላይ፣ አንዴ ጉልበቷ ላይ ስታዛውር ቆየች፤ ምን እንደምታደርገው አታውቅም። በመጨረሻ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አሳረፈችው፤ አውራ ጣቷ ላይ ቀለሙ ገና አልለቀቀም።